ስድስተኛው ጥቅል

ልጅ ሳለሁ፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ አንድ ሽማግሌን ዋሽቻለሁ። ያልደረሰውን ቀን አልፏል አልኳቸው። ቆይቶም አንድ ነገር እንድፈልግላቸው ሲለምኑኝ፣ የለመኑኝ ነገር ደብተሬ መሐል ተቀምጦ ሳለ አላገኘሁትም አልኳቸው። ይህንን ለእናቴ አልነገርኩም፣ ለባለቤቴም አልነገርኩም። ዛሬ አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ቴክሳስ፣ ፕሌኖ ከተማ ውስጥ ቤት አለኝ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሰው ያከብረኛል። ግን ሰው አምኖኝ አንድ ወረቀት ሲሰጠኝና «ምን ይላል?» ሲለኝ፣ እስካሁን ሁለት ጊዜ ሳላነብ አልመልስለትም።

ያኔ የምንኖረው እዚያው አጠገብ ዳላስ፣ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነበር። ባለ ሁለት ፎቅ አፓርትመንቶች አንድ ግቢ ከበው ቆመዋል፤ ግቢው መሐል የሁላችንም የሆነ አንድ ዝገት የበላው የሥጋ መጥበሻ፣ ግሪል ነበረ። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አላስቀምጥ ባለ ቀን ሁሉ ከሥራ የተመለሱ አባቶች ዶሮ ይጠብሱበታል፤ ተበልቶ ሰው ሲበተን ፍሙ ይቀራል። የእኛ የልጆቹ ሰዓት ያ ነበር። ገና ዓይን ለዓይን ያስተያያል፤ ሲሚንቶው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ ከሥራችን ይመልሳል፤ ልብሳችን ሁሉ የስብ ጭስ ጭስ ይላል፤ ከልብስ ማጠቢያው ቤት፣ ከላውንደሪው ትይዩ ያለችው ቢጫ አምፖል በርታ የእሳት ራቶች ይዞሯታል። በዚህ ጊዜ አባባ በላቸው ደረጃውን በከዘራቸው እየቆጠሩ ይወርዳሉ።

አባባ በላቸው ከልጃቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር ከእኛ ቤት በላይ ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ የባቡሩን መነሻና መድረሻ ለተሳፋሪ የሚጠሩ ሰው ነበሩ፤ ያኔም፣ ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ድምፃቸው ሳይጮሁ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማ ነበር። ወንበር ስበን ፍሙ አጠገብ እናስቀምጣቸዋለን።

«አባባ፣ ተረት ይንገሩን» እንላቸዋለን።

«ተረት አላውቅም። እኔ የማውቀው አንድ ፊልም ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የነገሩን ዕለት ፊልሙ ድምፅ እንደሌለው ሲነግሩን አላመንናቸውም። የታችኛው ቤት ልጅ ፌቨን፣ እዚሁ ስለተወለደች አማርኛዋ ሰበር ሰበር የሚል፣ ሳቀችባቸው።

«ሚዩት ላይ አድርጋችሁት ነው፣ አባባ።»

«ድምፁ እኔ ነበርኩ» አሉ።

እውነትም እሳቸው ነበሩ። አንድ የግሪክ ነጋዴ ጣቢያው ላይ ሲጣሩ ሰምቷቸው ወሰዳቸው። ነጋዴው በእጅ የሚዞር የፊልም ማሽን ነበረው፤ መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ሰፊ አቡጀዲ ወጥሮ ፊልም ያሳያል። በምስሉ መሐል መሐል ነጭ ፊደል ብቅ ይላል፤ ፊደሉን ማንበብ የሚችል ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም፣ እሳቸውም አይችሉም። ግሪኩ በተሰባበረ አማርኛው አንድ ጊዜ ብቻ አጫወታቸው፤ ነገሩ የድሮ ዘመን ታሪክ መሆኑን፣ ፊልም ከመሆኑ በፊትም ግጥም እንደነበረ ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ዱላ ይዘው ከአቡጀዲው ጎን ቆሙ። ፊደል በመጣ ቁጥር የመሰላቸውን ይናገራሉ። የሰዎቹን ስም ስለማያውቁ ስም አወጡላቸው። ልጅቷን አስካለ አሏት። ወጣቱን አናጢው አሉት።

አስካለ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ የድንጋይ ግንብ ጌታ ልጅ ነበረች። አናጢው ከማዶ መጥቶ አያት፤ አባትየው «ይህን ገደል የሚሻገር ድልድይ ሥራ፤ አንድ ክረምት ከቆመ ልጄን እሰጥሃለሁ» አለው። ሠራ። ክረምቱም አለፈ፣ ድልድዩም ቆመ። ሠርጉ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀረው ጦርነት መጣ። አናጢው የማዶውን መንደር ሰዎች ሊያሻግር ሄደ፤ አባትየው በጦር ተወግቶ ወደቀ፤ ሊሞት ሲል መጥረቢያ ለልጁ ሰጣትና ጠላት ድልድዩ ላይ ሳይወጣ ገመዱን እንድትቆርጥ አዘዛት። ሕዝቡ ተሻገረ። አናጢው ብቻ ከኋላ ቀረ። እየሮጠ ነው። ፈረሰኞቹ ከኋላው ናቸው። አስካለ መጥረቢያውን አነሳች።

አባባ በላቸው እዚህ ላይ ያቆማሉ።

«ከዚያስ?» እንላለን።

«ከዚያማ ነጭ ሆነ።»

ፊልሙ በስድስት ጥቅል የተከፋፈለ ሲሆን ስድስተኛው በባቡር ሲመጣ ተቃጥሏል። ግሪኩ ግን ፊልሙን ማሳየት አልተወም። አምስተኛው ጥቅል ሲያልቅ ማሽኑ ባዶውን አቡጀዲ ያበራዋል፣ ሕዝቡ «ጨርስ!» ይላል፣ አባባ በላቸው በዚያ ነጭ ብርሃን ውስጥ ቆመው፣ ጥላቸው ብቻ ጨርቁ ላይ ወድቆ፣ መጨረሻውን ከአፋቸው ይፈጥራሉ። ለእኛም ሲነግሩን ከወንበራቸው ይነሱና ከላውንደሪው ነጭ ግድግዳ ፊት ይቆማሉ፤ ጥላቸው ረጅም ሆኖ ይወድቃል። ያኔ ትንፋሻችንን ይዘን እናያቸው ነበር። አንዳንዴ አናጢው ይሻገራል። አንዳንዴ አስካለ ትቆርጠዋለች። አንድ ቀን ፌቨን ተናደደች።

«ባለፈው ተሻገረ ብለውን! ቺት እያደረጉ ነው።»

«ሰውን እያየሁ ነበር የምጨርሰው፣ የኔ ልጅ። ወታደር የበዛ ቀን ትቆርጣለች። ሠርገኛ የመጣ ቀን ይሻገራል።»

«ኦኬ፣ የእውነቱስ?»

አባባ በላቸው ከዘራቸውን አንስተው ወደ ደረጃው ሄዱ። ያኔ ጨዋታ መስሎን ነበር።

ሳይመልሱ የሄዱበትን ምክንያት የነገሩት ለእኔ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነ። በዚያ ግቢ የማንበብ ሥራ የእኛ የልጆቹ ነበር። የመብራት ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ከልጅ ትምህርት ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈው፣ ሁሉም በእኛ እጅ ያልፋል። ከልጆቹ ሁሉ ደግሞ እኔ ታማኝ ነኝ እየተባልኩ ስመሰገን ነበር የምውለው። እናቴ ለጎረቤት «ትርሲትን ጠይቋት» ስትል ደረቴ ይነፋል፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ይደክመኝ ነበር። አዋቂዎች አፍ አፌን ሲያዩኝ፣ ተሳስቼ ቢሆንስ ብዬ ሌሊት አስባለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ቀርቼ አባባ በላቸውን ዓይን ሐኪም ዘንድ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሟ የቀኝ ዓይናቸው እንደጠፋ፣ የግራው ደግሞ ምናልባት አንድ ዓመት እንደማይቆይ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ለእሳቸው ነገርኳቸው። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እንዴት እንደሚባል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ «አንዲት ሴት ነበረች» አሉኝ።

ባሏ ጦር ሜዳ ሄዶ ወሬው የጠፋባት ሴት ነበረች። ሦስት ምሽት በተከታታይ ፊልሙን ልታይ መጣች። በሦስተኛው ምሽት ሰው ሲበተን የመጋዘኑ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«‹ወንድሜ፣ አንተ የምታውቀው ነገር አለ። ጨዋታውን ተወውና እውነቱን ንገረኝ፤ ተሻገረ ወይስ ቀረ?› አለችኝ። እኔ ምን አውቄ? ፊቷን አየሁና ‹ተሻገረ› አልኳት። ‹እንግዲያው የኔም ይመጣል› ብላ ሄደች። ሰው ሽማግሌ ላከባት፤ መለሰች። ሌላም ላከ፤ መለሰች። ድሬዳዋን ለቅቄ ስወጣ ጠጉሯ ሸብቶ ነበር፣ አሁንም ብቻዋን።»

«አባባ፣ ፊልም እኮ ነው» አልኳቸው።

«ለእሷ ፊልም አልነበረም። እኔ ይህቺን ሴት ዋሽቻት ይሁን እውነት ነግሬያት ይሁን እስከዛሬ አላውቅም። ዓይኔ ሳይጠፋ ያንን ስድስተኛ ጥቅል ባየው ብዬ ነው የምመኘው። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

እሺ አልኳቸው። ምን ማለቴ እንደነበር አላውቅም።

አሁን የሚያሳፍረኝን ልጻፍ። በዚያው ዓመት ትምህርት ተዘግቶ ሳለ እትዬ አልማዝ እኛን ልጆቹንና አባቷን ይዛ በአንድ ዶላር የሚገባበት ርካሽ ሲኒማ ወስዳን ነበር። የልጆች ፊልም ነበረ። ገና ከመጀመሩ አባባ በላቸው ተነሱ፣ ከዘራቸውን ይዘው በጨለማው ወደ ፊት ሄዱ፣ ከስክሪኑ ጎን ቆሙና በዚያ በባቡር ጣቢያ ድምፃቸው በአማርኛ መናገር ጀመሩ። ሰው ጮኸ፤ ሠራተኛው በባትሪ ፊታቸው ላይ አበራባቸው። እትዬ አልማዝ ክንዳቸውን ይዛ መለሰቻቸው። «ልጆቹ አልሰሙም እኮ» ይሉ ነበር እየተመለሱ። ከኋላችን ከክፍሌ ሁለት ሴት ልጆች ተቀምጠው ኖሯል። ትምህርት ሲከፈት እርሳሳቸውን እንደ ከዘራ ጠረጴዛ ላይ እየመቱ፣ አፋቸውን ከፍተው፣ እሳቸውን እያስመሰሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። «አያትሽ ናቸው?» አሉኝ። «አላውቃቸውም» አልኩ።

መስከረም ላይ የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን አንድ ረጅም የድሮ ግጥም አባዝታ አደለችን። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እናነባለን። በሦስተኛው ቀን ገደል መጣ፣ ግንብ መጣ፣ ድልድይ የሚሠራ ወጣት መጣ። ገጹን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። ልጅቷ አስካለ አልነበረችም፣ ሌላ ስም ነበራት፤ ነገር ግን እሷ ናት። ሳምንቱ መጨረሻ ላይ አስተማሪዋ ከዚህ ግጥም የተሠራ ድምፅ የሌለው ፊልም እንዳለ፣ ጎረቤት ከተማ አርሊንግተን ያለው ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በፒያኖ ታጅቦ እንደሚታይ ነገረችንና የፊልሙን ማስታወቂያና የወላጅ ፈቃድ ወረቀት አደለች። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ይወስደናል። ቦታ ስላለ ቤተሰብ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ አለች።

ስለዚህ ሩቅ ነበር አልልም፤ መኪና አልነበረንም አልልም። መንገዱ ተከፍቶልኝ ነበር። ግን አስተማሪዋ «ቤተሰብ» ስትል የታየኝ አባባ በላቸው ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፊት ሲሄዱ፣ እነዚያ ሁለት ልጆችም እርሳሳቸውን ሲያነሱ ነው። ለእናቴ የፈቃድ ወረቀቱን ሳነብላት የቤተሰቡን መስመር ዘለልኩት። ፈረመች።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ግሪሉ አጠገብ የቤት ሥራዬን ስሠራ የፊልሙ ማስታወቂያ ወረቀት ከቦርሳዬ ወደቀ። አባባ በላቸው ከደረጃው ወርደው በከዘራቸው ጫፍ ነካ አድርገውት ጎንበስ ብለው አነሱት። ወረቀት ስለሆነ ብቻ ሊሰጡኝ ነበር። ከዚያ ሥዕሉን አዩት። ወደ አምፖሏ ተጠጉ፣ የግራ ዓይናቸው ላይ ሊያጣብቁት እስኪቃረቡ ድረስ አቀረቡት።

«ድልድዩ ነው» አሉ በቀስታ። «ይቺ አስካለ ናት። መጥረቢያውን አየሽው?»

«አየሁት፣ አባባ።»

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

ያኔ ስንት ነገር በአንድ ትንፋሽ ሊታሰብ እንደሚችል አወቅሁ። አውቶቡሱ ታየኝ፣ አዳራሹ ታየኝ፣ ከዘራው ታየኝ።

«ፊልሙን ያሳዩ ነበር ይላል።»

«ነበር?»

«ባለፈው ቅዳሜ ነው። አልፏል።»

ወረቀቱን አልመለሱልኝም። ሥዕሉን እንደገና ወደ አምፖሏ አዞሩት።

«ባለፈው ቅዳሜ እኔ ምን ስሠራ ዋልኩ?» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ አስታወሱት መሰለኝ ፈገግ አሉ። «ጥፍሬን ስቆርጥ።»

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ድረስ የነበረኝን ጭንቀት ያህል ከዚያ በኋላ ወልጄም ታምሜም አላየሁም። እንግሊዝኛ ማንበብ የሚችል ሁሉ ጠላቴ ሆነ። ሐሙስ ዕለት ፌቨን አጠገባቸው ስትቀመጥ ባየሁ ጊዜ ሮጬ መሐላቸው ገባሁ። «ለፕሮጀክት ስለምፈልገው ወረቀቱን ይስጡኝ» አልኳቸው፤ «አንድ ቀን ብቻ ታገሺኝ፣ ሥዕሉን ልየው» አሉ። አርብ ማታ እትዬ አልማዝ ከሥራ ስትገባ፣ በር ላይ ቆመው ወረቀቱን ሲያሳዩአት ከታች ሆኜ ሰማሁ።

«እስቲ አንቺ እይው፤ ልጅ ናት፣ ተሳስታ ይሆናል።»

ከደረጃው ሥር ተሸሸግሁ። እትዬ አልማዝ በሁለት ሺፍት ደክማ ዓይኗ ተከድኗል፤ ወረቀቱን እንኳ አልተቀበለችም።

«አባዬ፣ ትርሲት አልፏል ካለች አልፏል። የግቢው ሰው ሁሉ ወረቀቱን የሚያምነው በሷ አይደል?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አሉ።

እፎይ አልኩ። እፎይታዬን ሳስታውስ ከውሸቱ ይልቅ እሱ ያመኛል።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ለብሼ ስወጣ የደረጃው ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

«ወዴት ነው እንዲህ አምሮብሽ?»

«ትምህርት ቤት ነው፣ አባባ።»

«ቅዳሜም?»

«ቅዳሜም።»

«ጎበዝ። ተማሪ፤ ለእኛም ትተርፊያለሽ» አሉ።

አዳራሹ ግማሹ ባዶ ነበር። እነዚያ ሁለት ሴት ልጆች አልመጡም። ከፊታችን ባልና ሚስት የሆኑ አሜሪካውያን አሮጊትና ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሴትዮዋ ዓይኗ ስለማያይላት ፊደሉ በመጣ ቁጥር ባልየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብላታል፣ ምስሉንም ይነግራታል። ዝም በሉ ያላቸው ሰው የለም። ፒያኖ የሚመታው ሰው እንኳ ዞር ብሎ ፈገግ አለላቸው። እኔ ያን ጊዜ ተነስቼ ለመሮጥ ቃጣኝ፤ ግን ወዴት እሮጣለሁ? ከአርሊንግተን ቪከሪ ሜዶ በእግር አይደረስም።

አባባ በላቸው ብዙውን አልሳቱም ነበር። አንዳንዱን ደግሞ ከፊልሙ ይበልጥ አሳምረውት ኖሯል። ሕዝቡ ተሻገረ፣ አናጢው ቀረ፣ ሮጠ፣ አስካለ መጥረቢያውን አነሳች። ነጭ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። አልሆነም። ስድስተኛው ጥቅል ቀጠለ።

አናጢው ድልድዩ መሐል ሲደርስ ቆመ። ወደኋላ ተመለከተ፤ ፈረሰኞቹ ደርሰዋል። ወደ ፊት ተመለከተ፤ አስካለ መጥረቢያውን እንዳነሳች ቀርታለች፣ ልትቆርጠው አልቻለችም። ከዚያ ዞረና ወደመጣበት ሮጠ። ድልድዩ ከማዶው ቋጥኝ ጋር የተያዘበትን፣ ሲሠራ በገዛ እጁ የመታውን ሽብልቅ ነቀለው። ድልድዩ እንዳለ ገደል ገባ። እሱ ማዶ ቀረ። እጁን አነሳላት፣ ፈረሰኞቹ ከበቡት። አስካለ መጥረቢያውን አልጣለችም፤ ምንም ያልቆረጠ መጥረቢያ ይዛ ቆማ ቀረች። ከዚያ የግጥሙ መጨረሻ በነጭ ፊደል መጣና መብራት በራ።

አልተሻገረም። እሷም አልቆረጠችም። አባባ በላቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እሷ ምን ታደርጋለች እያሉ ሲጨነቁ፣ ያደረገው እሱ ነበር።

በዚያው ምሽት ፍሙ ዙሪያ ተሰበሰብን። አባባ በላቸው ፊልሙን ሳንጠይቃቸው ጀመሩ። ገደሉን፣ ግንቡን፣ ድልድዩን እንደወትሮው አሳምረው ነገሩን። አስካለ መጥረቢያውን ስታነሳ ከወንበራቸው ተነስተው ከነጩ ግድግዳ ፊት ቆሙ። እኛም ጠበቅን።

«ይጨርሱት እንጂ» አለች ፌቨን።

«ዛሬ አልጨርሰውም» አሉ። «እናንተ ምን ትላላችሁ? ምን ሆነ?»

ልጆቹ ይጮኹ ጀመር፤ ተሻገረ፣ ቆረጠችው፣ ሄሊኮፕተር መጣ። አባባ በላቸው እየሳቁ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ትርሲትስ? አስተርጓሚያችን ምን ትላለች?»

ምላሴ ላይ ነበረ። ሽብልቁን ነቀለው ብል በቂ ነበር። ግን «እንዴት አወቅሽ?» ይላሉ። ቀኑ አልፏል አላልሽም ወይ ይላሉ። ያን ዕለት ትምህርት ቤት ብዬ እንደወጣሁም ያውቃሉ።

«እኔ አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አሉና ተቀመጡ።

የዚያ ዓመት ብርድ ሳያልፍ የግራው ዓይናቸውም ሄደ። እትዬ አልማዝ ሂውስተን የተሻለ ሥራ አገኘችና ይዛቸው ሄደች። ዕቃ ሲጫን አባባ በላቸው በእጃቸው ራሴን ፈልገው ዳሰሱ።

«ምስሉስ አምልጦኛል» አሉኝ። «ግሪኩ ግን ግጥም ነበረ ብሎኛል። ግጥም ደግሞ መጽሐፍ ውስጥ አይጠፋም። ፈልጊና በስልክ ንገሪኝ፤ መጨረሻው ምን እንደሆነ ብቻ።»

ግጥሙ አስተማሪዋ ያባዛችው ወረቀት ሆኖ ቤት ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ ደብተሬ መሐል ነበር። እፈልጋለሁ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደወሉ። እናቴ ስልኩን ታቀብለኛለች።

«አገኘሽው?»

«ገና ነኝ፣ አባባ።»

በሦስተኛው ጊዜ «አላገኘሁትም፤ እዚህ አገር ያለ አይመስለኝም» አልኳቸው፤ እንዳይጠይቁኝ ብዬ። «አይዞሽ፣ ደከምሽ እኮ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። ስምንተኛ ክፍልን ልጨርስ ስል አንድ ቀን እናቴ ልብስ እያጣጠፈች፣ «የአልማዝ አባት አረፉ አሉ» አለችኝ፤ አንድ ቲሸርት አጥፋ ደረደረችና፣ «አንቺን እኮ በጣም ይወዱሽ ነበር» አለች።

ለብዙ ዓመታት ለራሴ አንድ ሰበብ ስነግረው ኖርኩ። እውነቱን ብነግራቸው ያችን ሴት እንደዋሿት ያውቁ ነበር፤ ከዚህ ጸጸት አዳንኳቸው፤ እል ነበር። ይህ እውነት አይደለም። ስዋሽ ስለ እሳቸው አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፣ መጀመሪያ ስለ እፍረቴ፣ ቀጥሎ ስለ መጋለጤ። ደግሞስ ምን እንደሚሉ ምን አውቄ? ያዝኑ ይሆናል። ወይም «አየሽ፣ አስካለ አልቆረጠችም» ብለው ደስ ይላቸው ይሆናል። ለዚያች ሴት መልእክት የሚልኩበት መንገድ ይፈልጉ ይሆናል፤ ያኔ በሕይወት ነበረች ይሆናል። ያን ማወቅም፣ ባወቁት መጨነቅም የእሳቸው መብት ነበር። ከእጃቸው ወሰድኩት።

አሁን ሥራዬ በሆስፒታል ማስተርጎም ነው። የታመመ ሰው አጠገብ ቆሜ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ እላለሁ፣ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ከባድ ነገር ሲመጣ ቤተሰብ በዓይኑ ይለምነኛል፤ አላለዝብም። ጨካኝ ነች የሚሉኝ እንዳሉ አውቃለሁ። አንዳንድ እናቶች ደግሞ ሲወጡ እጄን ይዘው «ባንቺ ላይ እምነቴን ጥያለሁ» ይሉኛል። እኔ እደነግጣለሁ። ምርቃታቸውን ተቀብዬ ወደ መኪናዬ እሄዳለሁ፣ ሞተሩን ሳላስነሳ ትንሽ እቀመጣለሁ።

ከእነዚያ ምሽቶች ታሪኩ አብሮኝ አለ፤ ለልጆቼም በሌላ አጨራረስ ሳይሆን በእውነተኛው እነግራቸዋለሁ። ግን ከታሪኩ በላይ የቀረኝ ነጩ ግድግዳ ፊት ቆመው መልስ ሲጠብቁ የነበረው ፊታቸው ነው። እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ አልችልም። እትዬ አልማዝን ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ደውዬ ስለ ጤናዋ ብቻ ጠይቄ ዘጋሁ። ይህን የምታነቡ፣ ምናልባትም ያኔ ከእኔ ጋር ፍሙ ዙሪያ ተቀምጣችሁ የነበራችሁ፣ መጨረሻውን አውቄ ደበቅኋችሁ፤ እሳቸውንም ሳያውቁ እንዲሞቱ አደረግሁ። ይቅር በሉኝ።